አራተኛው ዐረፍተ ነገር

ሁለቱ ፖሊሶች ወደ ክፍል ሲገቡ ጠመኔ እጄ ላይ ነበር። አንደኛው ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ሥር ቆመ። ሌላው ወደ ሰሌዳው ተጠግቶ የጻፍኩትን ከላይ እስከ ታች አየ። እንግሊዝኛ እንደማያነብ ያስታውቅ ነበር፤ ቢሆንም ጊዜ ወስዶ ነው ያየው። ከዚያ የጣቢያው አዛዥ ለጥቂት ደቂቃ እንደሚፈልጉኝ በዝግታ ነገረኝ። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እጄን በሱሪዬ ጠረግሁ። ተማሪዎቼ ተነሥተው ቆሙ። መምህር ሲወጣ መነሣት ደንብ ነው፤ ከደንቡ ያለፈ ነገር አልነበረበትም ይሆናል። እኔ ግን ያን የወንበር ድምፅ አልረሳሁትም።

እጄን አላሰሩኝም። በሰቆጣ የታወቀ የቄስ ልጅ ነኝ፤ በመንገድ ሰላም የሚለኝን ሰው ሁሉ ሰላም እያልኩ ሄድኩ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ከቆላው ዝቋላና ከተከዜ ዳር የወጡ ሰዎች ተኝተው ነበር። ዝናቡ ለሁለተኛ ዓመት ቀርቶ፣ እግሩ የሚችልለት ሁሉ ወደ ከተማ ይወጣ ነበር። አንዲት ሴት እግሯን መንገዱ ላይ ዘርግታለች። ፊት ፊት የሚሄደው ፖሊስ ተራምዷት አለፈ። እኔም ተከትዬው ተራምጃት አለፍኩ። ዞሬ አላየሁም።

ክፍሉ በጣሊያን ጊዜ ለእህል መጋዘን የተሠራ ነው ይባላል። ቁመቱ አምስት እርምጃ፣ ወርዱ ሦስት። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር። ከበሩ በላይ የሰው ጭንቅላት የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ብርሃን የሚገባው በእሷ ብቻ ነው። ሌባና ነፍሰ ገዳይ የሚታሰርበት ትልቁ ክፍል ከግቢው ማዶ ነበር። ይህኛው «የመንግሥት ጉዳይ» ላለበት ሰው ተለይቶ የተቀመጠ ነው። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆሜ ሳለ ከጥጉ አንድ ሰው ተንቀሳቀሰ።

«በዚህ በኩል ተቀመጥ» አሉኝ። «ደረቁ ወገን ይሄ ነው።»

እሳቸው ወደ እርጥቡ ተንፏቀቁ።

ስልሳ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም፤ ረሃብ ዕድሜ ስለሚጨምር ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ከጽጽቃ ወዲያ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ መንደር ማሽላ የሚያርሱ፣ ፍየል የሚያረቡ ሰው ነበሩ። በቤታቸው የሚናገሩት አገውኛ ነው። አማርኛቸው የገበያና የቤተ ክርስቲያን አማርኛ ነበር፤ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል መርጠው ያወጡታል። የመንደሩ ሰው መርጦ ከሌሎች ስድስት ሽማግሎች ጋር ወደ አውራጃው ልኳቸው ነበር። ፍሬ ያልያዘ የማሽላ አገዳ ተሸክመው፣ ሁለት ቀን ተጉዘው፣ አቤት ለማለት ከጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ቆሙ። ረሃብ የለም፣ ወደየቤታችሁ ተመለሱ ተባሉ። ስድስቱ ተመለሱ። እሳቸው እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። በአራተኛው ቀን «አድማ» ተብሎ ተያዙ። ለብቻው የተቀመጠ ሰው እንዴት አድማ እንደሚያደርግ ጠይቀው ነበር፤ የመለሰላቸው አልነበረም።

የኔንም ጥፋት ጠየቁኝ። ማስረዳቱ ጊዜ ወሰደ።

ለስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ተማሪዎቹ በዓመቱ መጨረሻ ብሔራዊ ፈተና አለባቸው፤ ከሁሉ የሚከብዳቸው ሁለት ቃል ተጣምሮ አንድ ግሥ የሚሆንበት ነገር ነው። የመጀመሪያውን ቃል ያውቁታል፤ ሁለተኛውንም ያውቁታል፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ይጠፋባቸዋል። ያን ሳምንት የነበርነው «ብሪንግ ዳውን» የሚለው ላይ ነው። ብሪንግ ማምጣት፣ ዳውን ወደ ታች፤ ሲጋጠሙ ማውረድ። ግን ምን ማውረድ? በሰሌዳው ላይ አራት ዐረፍተ ነገር ጻፍኩ። ሰውየው ሳጥኑን ከቆጥ ላይ አወረደ። ሐኪሙ የልጁን ትኩሳት አወረደው። ጥሩ መኸር የእህል ዋጋ አወረደ። አራተኛው፦ ረሃቡ መንግሥቱን አወረደው።

የሚወርደው ነገር ስም ከሆነ ከሁለቱ ቃላት በኋላም፣ በመሃላቸውም ሊገባ እንደሚችል፣ በተውላጠ ስም ከተተካ ግን የግድ መሃል መግባት እንዳለበት አስረዳሁ። ሰዓቱ ሳያልቅ አንድ ፈሊጥ ጨመርኩላቸው። ተዋናይ ተመልካቹን እጅግ ያስደሰተው እንደሆነ፣ ጭብጨባው ጣራ የሚያፈርስ ይመስል፣ እንግሊዞች «ቤቱን አወረደው» ይላሉ። ተማሪዎቹ ስቀው በደብተራቸው ኅዳግ ላይ ጻፉት።

ከዚያ ከደብተሮቹ አንዱ ፖሊስ እጅ ገባ። የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ዛሬም ማወቅ አልፈልግም።

አዛዡ መቶ አለቃ ነው፤ በዕድሜ ከኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ጠጉሩን በጥንቃቄ የሚያበጥር ሰው። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በአማርኛ አስተረጎመኝ፤ አጠገቡ የተቀመጠው ጸሐፊ ይጽፋል። ሳጥኑን አለፈው። ትኩሳቱን አለፈው። የእህሉ ዋጋ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ኅዳጉን አየ።

«የማንን ቤት ነው የምታወርዱት?»

ስለ ቲያትር ነገርኩት። ሰቆጣ ውስጥ ቲያትር የት አለ አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልነበረም።

አራተኛው ላይ ጣቱን አሳረፈና ሌሎቹ ሦስቱ ይህን ለመሸፈን የተጻፉ ናቸው አለ። ፍርሃት ሲይዘኝ ብዙ እናገራለሁ። ይህ የእንግሊዝኛ ተንኮል አይደለም፣ በኛም ቋንቋ እንዲሁ ነው አልኩት፤ ጭነት እናወርዳለን፣ ዝናብ አውርድልን ብለን እንጸልያለን፣ ሰው ላይ ስድብ እናወርዳለን፣ ዱላ እናወርዳለን፣ ንጉሥም ከዙፋን ይወርዳል። ጸሐፊው የመጨረሻውን ብቻ ጻፈ።

ዐረፍተ ነገሩን ከየት አመጣኸው ሲለኝ ከመማሪያ መጽሐፉ አልኩ። ይህ ግማሽ እውነት ነበር። መጽሐፉ የሚለው «ጦርነቱ መንግሥቱን አወረደው» ነው። ያን ዕለት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በቅጥሩ ጥግ አንድ ሰው ፊቱን በራሱ ነጠላ ሲሸፍኑት አይቼ ነበር። ሰሌዳው ላይ «ጦርነቱ» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ሌላ ቃል ጻፈ። ጀግንነት አልነበረም። አላሰብኩበትም።

መቶ አለቃው መጽሐፉን እንዲያመጡ ወደ ትምህርት ቤቱ ሰው ላከ፤ ያለን እሱ አንዱ ብቻ ነበር። ዳይሬክተራችን ምስጥ በልቶት ተጥሏል ብለው መለሱ። ምስጥ አልበላውም። እህቴ ምግብ ይዛልኝ ስትመጣ በጥበቃው ፊት፣ የቤተሰብ ወሬ አስመስላ፣ መጽሐፉ በትምህርት ቤቱ የአትክልት ቦታ እንደተቀበረ አሳወቀችኝ። ከመጽሐፉ የተገለበጠ ነው ብዬ ከጸናሁ የሚያስተባብለኝ ሰው የለም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለሽማግሌው ስነግራቸው በጥሞና ሰሙኝ። ቃሉን በእንግሊዝኛ እንድደግምላቸው ጠይቀው ሞከሩት፤ አልሆነላቸውም፣ ተዉት።

«አራተኛው ስህተት ነው መምህር» አሉኝ። «ረሃብ የሚያወርደው እኛን ነው። ልጅን ወደ መቃብር ያወርዳል። እርጉዝ ያስወርዳል። መንግሥት ሲያወርድ ግን አላየሁም።»

ሲናገሩ ምሬት አልነበረባቸውም። የተሳሳተ ተማሪ እንደሚያርም ሰው ነበሩ።

በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ያንቀጠቅጣቸው ጀመር። ቅማሉ ሁለታችንንም ወርሶን ነበርና ተስቦ መሆኑን ሁለታችንም አውቀናል፤ ስሙን ግን አልጠራነውም። እህቴ የምታመጣውን ቂጣ ለሁለት እንካፈል ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በቃኝ አሉ። በቀን የሚሰጠን አንድ ጣሳ ውሃ ነው። ከነጠላዬ ቀድጄ፣ በጣሳው ውሃ እያራስኩ ግንባራቸው ላይ አደርጋለሁ፤ ጨርቁ ወዲያው ይሞቃል። ረፋዱ ላይ ቆርቆሮው መጋል ሲጀምር ክፍሉ ምድጃ ይሆናል። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ሐኪም ነበር፤ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

ጠባቂውን ለመንኩት። ክሊኒኩ ሰው ጠርቶ ከሚሰማበት የራቀ አይደለም፣ ድሬሰሩን ጥራልን አልኩት። ያለ አዛዡ ፈቃድ አይሆንም አለ። አዛዡ የት አለ ስለው ወጥቷል አለ። በማግስቱም ወጥቷል አለ። በሩን በጡጫዬ መታሁ፤ ከዚያ በእግሬ፤ ከዚያ በጣሳው። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ከማዶው ክፍል አንድ እስረኛ ዝም በል፣ ለኛም ይተርፋል ብሎ ጮኸብኝ። ቁጭ አልኩ። አባቴ ለበሽተኛ የሚደግሙትን ጸሎት ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ከመጀመሪያው መስመር በላይ አልመጣልኝም።

ሽማግሌው በአገውኛ ይናገሩ ጀመር። የእናቴ ቋንቋ ስለሆነ ግማሹ ይገባኛል። ፍየሎቻቸውን በየስማቸው እየጠሩ፣ ወደ ውሃ እየነዱ ነበር። ከፍየሎቹ አንዲትም እንዳልቀረች ራሳቸው ነግረውኛል።

በታመሙ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ለምርመራ ተጠራሁ። መቶ አለቃው ቁጣ አልነበረበትም። እንዲያውም የደከመው ይመስል ነበር። ከበላይ ደብዳቤ እንደመጣበት፣ ጉዳዩን መዝጋት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ነጭ ወረቀትና ብዕር አቀረበልኝ። የምጽፈው አጭር ነው፦ ዐረፍተ ነገሩን በስህተት እንደጻፍኩ፣ በአውራጃው ረሃብ እንደሌለ፣ ይህንንም የአገሩ ተወላጅ ሆኜ በዓይኔ እንደማውቅ።

«ሽማግሌው ታሟል አሉ» አለኝ። «ይህን ጻፍ፤ አንተ ትፈታለህ፣ ድሬሰሩም አሁኑኑ ይመጣለታል።»

ጸሐፊው ለምሳ ሊወጣ ስለነበር እሱ እስኪመለስ ክፍሌ ሆኜ እንድጽፈው ፈቀደልኝ። ግቢውን ሳቋርጥ ልጽፍለት ወስኜ ነበር። ይህን መደበቅ አልፈልግም። እጄ ላይ ያለው ወረቀት ሳይሆን መድኃኒት መስሎኝ ነበር።

ሽማግሌው ነቅተው ጠበቁኝ። ዓይናቸው ጠርቷል። ወረቀቱን አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ምን ብለህ ልትጽፍ ነው?»

«ረሃብ የለም ብዬ።»

«መድኃኒቱ ለኔ ነው?»

«አዎ፣ ለእርስዎ ነው።»

ዓይናቸውን ከደኑ። የተኙ መሰለኝ።

«እኔ እኮ የመጣሁት አለ ብዬ ልናገር ነው» አሉ። «የላኩኝን ሰዎች ምን ልበላቸው?»

ለመንኳቸው። መጀመሪያ ይዳኑ፣ ከዳኑ በኋላ ተመልሰው ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ፣ የሞተ ሰው አቤት አይልም አልኳቸው። የማያምንበትን የጻፈ ሰው እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም አልኳቸው። ቀጥሎ ተቆጣሁ፤ አባት በሚሆኑኝ ሰው ላይ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ያን ያህል ሰው ለምኜ አላውቅም። እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አውጥተው አንጓዬን ያዙ። ይፋጃሉ።

«አንተ መጻፍ ታውቃለህ። እኔ አላውቅም። የኔን ጻፍልኝ።»

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ከቀዳዳዋ ወደምትገባው ብርሃን ዞሬ ጻፍኩ። መንደሩ ሃያ ሁለት ጭስ ነበር፤ ዛሬ ጭስ የሚወጣው ከዘጠኝ ቤት ነው። ለዘር የተቀመጠው ማሽላ የተበላው ከፋሲካ በፊት ነው። ምንጩ ከደረቀ በኋላ ሴቶች ሌሊት ወጥተው ቀትር ላይ ነው ውሃ ይዘው የሚመለሱት፤ ሁለቱ አልተመለሱም። ከዚያ የሞቱትን በየስማቸው ጠሩልኝ። በአንዱና በአንዱ ስም መካከል ያርፋሉ። ወረቀቱ እንዳያልቅብኝ ፊደሉን እያሳነስኩ ሄድኩ። የሕፃናቱን ስም ሲጠሩ የእናታቸውንም ስም ይጨምሩ ነበር፣ እንዳይምታታ።

ሲጨርሱ እንዴት ብዬ እንደምዘጋው ጠየቅኋቸው። ለጃንሆይ መንግሥት የሚጻፍ አቤቱታ አዘጋግ አለው፤ እሱን እንደማውቅ ነገርኳቸው።

«‹የለም አትበሉን› በልና ዝጋው» አሉኝ።

እንዳሉት አደረግሁ። የብዕሩን ቀለም አውራ ጣታቸው ላይ ቀብቼ አስፈረምኳቸው። ከሥር በራሴ ስም ሁለት መስመር ጨመርኩ። በመጽሐፉ ያለው «ጦርነቱ» ነው፤ «ረሃቡ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አላዘዘኝም። ይህን እንድጨምር የጠየቀኝ የለም። ከእሳቸው ጣት ሥር ውሸት ማኖር ግን አልቻልኩም።

የቀረውን ውሃ ከአፋቸው አስነካሁ፤ ጥቂት ጠጡ። ጣሳውን በእጃቸው አጠገብ አስቀመጥኩላቸው። ጠባቂው በሩን ሲከፍት «ቶሎ ና» አሉኝ።

መቶ አለቃው ሁለት ጊዜ አነበበው። አንደኛውን ጊዜ በፍጥነት፣ ሁለተኛውን ቀስ ብሎ። ስሞቹ ጋ ሲደርስ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ይቀደዋል ብዬ ስጠብቅ አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተውና ተነሣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር አልጽፍም። ሁለት ጥርሴ በዚያ ቢሮ ቀርቷል፤ የግራ ጆሮዬም ከዚያን ቀን ወዲህ አይሰማም። ወለሉ ላይ ሆኜ ድሬሰሩን ጥሩላቸው ያልኩ ይመስለኛል። ብዬም እንደሆነ የሰማኝ የለም።

ወደ ክፍላችን መልሰውኝ በሩ ሲከፈት ፊታቸው ወደ እኛ ዞሮ ነበር። ጣሳው ተደፍቷል። እጃቸው ወደ እሱ ተዘርግቷል። አፈሩ ውሃውን ጠጥቶት፣ ጠቆር ያለ ምልክት ብቻ ቀርቶ ነበር።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቶሎ አልመጣሁም አልኳቸው። ዓይናቸውን ከደንኩ፣ እጃቸውን ሰበሰብኩ፣ ጋቢያቸውን አስተካከልኩ። ጠባቂዎቹ በሽታውን ፈርተው ሊነኳቸው ስላልፈለጉ እኔና ከማዶው ክፍል የመጣ አንድ እስረኛ ተሸክመናቸው ወጣን። የቤተ ክርስቲያኑ ካህን ለፍትሐት የክርስትና ስማቸውን ጠየቁኝ። የሞቱትን የመንደሩን ሰዎች ስም በሙሉ አውቃለሁ፤ የእሳቸውን የክርስትና ስም ግን አልጠየቅኋቸውም ነበር። ካህኑ እግዚአብሔር ያውቀዋል ብለው ጸለዩ።

ወደ ደሴ እስር ቤት ተዛወርኩ። በዚያ ያለፈው ሌላ ታሪክ ነው። በኋላ መንግሥቱ ወረደ፣ የእስር ቤቱ በር ተከፈተ፣ ሰዎችም ነቢይ አደረጉኝ። ቀድመህ ጽፈኸው ነበር ይሉኛል። እኔ ያን ቃል የጻፍኩት አንድ ሰው ሲሸፈን ስላየሁ ነው፤ ያ ሰው ከተሸፈነበት አልተነሣም።

እንደተፈታሁ የመጀመሪያ ጉዞዬ ወደ ጽጽቃ፣ ከዚያም ወዲያ ነበር። ከሽማግሌው ቤተሰብ የተረፈችውን አንዲት ሴት ልጃቸውን አገኘኋት። በሠላሳዎቹ የምትገኝ፣ እንደ አባቷ ቃል መርጣ የምትናገር ሴት ነበረች። አባቷ የት እንደተቀበሩ ነገርኳት። የክርስትና ስማቸውን ጠየቅኋትና ለካህኑ እንዳደርስ በወረቀት ያዝኩ። ስለ ጽሑፉም፣ በየስማቸው ስለጠሯቸው ሰዎችም ነገርኳት። ሁሉንም አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። ሲያበቃ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ብቻውን ነበር?»

«አልነበሩም» አልኳት። «ራሳቸው ጉልበቴ ላይ ነበር። ውሃ ጠጥተው፣ ስምሽን ጠርተው ነው ያረፉት።»

ካለቀሰች በኋላ ውሃ አሙቃ መጣችና እግሬን አጠበችኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። እንደዋሸሁ እንዳታውቅ ብዬ ዝም አልኩ፤ እግሬንም ሰጠኋት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ እስሬ ጻፍ የሚሉኝን ሰዎች አንድም ጊዜ እሺ አላልኳቸውም። እሷ ማንበብ አትችልም፤ ልጆቿ ግን ይችላሉ፤ አንዱ እዚያው ጽጽቃ መምህር ነው። ሊያነቡላት ይችላሉ ብዬ ፈራሁ። ባለፈው ዓመት ማረፏን ሰማሁ። ለቅሶ ለመድረስ ሄጄ ከልጆቿ ጋር ሦስት ቀን ተቀመጥኩ፤ አያታቸው በሰው እቅፍ እንዳረፉ እነሱ መልሰው ለኔ ተረኩልኝ። አላረምኳቸውም። እዚያ፣ ድንኳን ውስጥ፣ አልቻልኩም።

ይህን ካነበቡ ይወቁት። አያታቸው ሲያርፉ ብቻቸውን ነበሩ። የማንን ስም እንደጠሩ የሰማ የለም። እኔ በዚያች ሰዓት ቃላቸውን ይዤ መቶ አለቃው ፊት ቆሜ ነበር።